ቅርቡን አጥርቶ ሩቁን ማደብዘዝ፤ ስለ ፎቶግራፍ መነጽር ታሪክ

በአሮጌ የፎቶግራፍ ሥዕል ላይ የሰውየው ዓይንና ቅንድብ ጥርት ብሎ ሲታይ ጆሮውና ትከሻው ግን እንደ ጭጋግ ደብዝዞ፥ ከኋላው ያለውም ነገር ጨርሶ ሳይለይ ቀርቶ ማየት የተለመደ ነው። ይህን የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ፥ ወይ ሥዕሉ ከዕድሜ ብዛት የተነሣ ደብዝዟል፥ ወይ አንሺው ሥራውን አያውቅም ነበር ብሎ ይፈርዳል። ይህ ግን የችኰላ ፍርድ ነው። የድብዛዜው ምክንያት በመነጽሩ ውስጥ ያለ ጽኑ ሕግ ነውና፥ የሕጉን ነገር ሳይመረምሩ በሥዕሉም በሠዓሊውም ላይ መፍረድ አይገባም።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን፥ የኢትዮጵያንም ሰው ልብ የሚነካ አንድ ሥዕል አለ። የዓፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ገና የ7 ዓመት ልጅ ሳለ፥ በ1868 ዓመት በሐምሌ ወር፥ ዋይት በምትባል በእንግሊዝ አገር ደሴት ላይ የተነሣው ሥዕል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅ።) ወደዚህ ሥዕል በኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን የመነጽሩን ሕግ፥ ቀጥሎም ሰዎች ከሕጉ ጋራ እንዴት እንደ ታገሉ ባጭሩ እንናገራለን።

ልጆች አጕሊ መነጽር ይዘው በፀሐይ ብርሃን ወረቀት ሲያቃጥሉ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ልጁ መነጽሩን ከወረቀቱ አንድ ጊዜ ከፍ፥ አንድ ጊዜ ዝቅ እያደረገ ይሞክራል፤ የፀሐዩም ብርሃን ተሰብስቦ እንደ መርፌ ራስ ባነሰ ጊዜ ወረቀቱ መጤስ ይጀምራል። በዚያች ሰዓት ከመነጽሩ እስከ ወረቀቱ ያለው ርቀት የመነጽሩ የትኩረት ርዝመት ይባላል። መካከሉ ወፍራምና ጎባጣ የሆነ መነጽር ብርሃኑን በቅርብ ስለሚሰበስብ ርዝመቱ አጭር ነው፤ ጠፍጠፍ ያለው ግን በሩቅ ስለሚሰበስብ ርዝመቱ ብዙ ነው። ካሜራም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም፤ ከፊቱ ሌንስ የሚባለው መነጽር፥ ከኋላው ብርሃን የሚቀበል ሰሌዳ ያለበት ጨለማ ሣጥን ነው።

አሁን ደግሞ የድብዛዜውን ምክንያት እንመልከት። ከአንዲት ነጥብ፥ ለምሳሌ ከሰው ዓይን ብሌን፥ የሚመጣው ብርሃን በመነጽሩ ስፋት ሁሉ ይገባል፤ ከገባም በኋላ እንደ ጎጆ ክዳን እየሾጠጠ ሄዶ ጫፉ አንዲት ነጥብ ይሆናል። ጫፉ በሰሌዳው ላይ በትክክል ያረፈ እንደ ሆነ ብሌኑ ጥርት ብሎ ይሣላል። ከሰውየው በስተፊት ወይም በስተኋላ ያለው ነገር ግን የብርሃኑ ጫፍ ከሰሌዳው ያልፋል፥ ወይም ሳይደርስ ይቀራል፤ ሰሌዳውም ያን ሾጣጣ ብርሃን በመካከሉ ስለሚቈርጠው፥ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ክብ ይሆናል። ክቡ እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ ዓይናችን ነጥብ ነው ብሎ ይቀበለዋል፤ የተለቀ እንደ ሆነ ግን ደብዛዛ ነው ይለዋል። እንግዲህ ዓይን ጥርት ብሏል ብሎ የሚቀበለው፥ ከቅርቡ ዳር እስከ ሩቁ ዳር ያለው ስፍራ፥ የጥራት ጥልቀት ይባላል።

የዚህን ጥልቀት ልክ የሚወስኑት በተለይ ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ብርሃን የሚገባበት በር ስፋት፥ ሁለተኛው የሚነሣው ነገር ርቀት፥ ሦስተኛው የመነጽሩ የትኩረት ርዝመት ነው። የበሩ ስፋት የሚነገረው በቍጥር ነው፤ ቍጥሩም የመነጽሩ ርዝመት ለበሩ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ስለዚህ ቍጥሩ ባነሰ መጠን በሩ ይሰፋል፥ ቍጥሩ በበዛ መጠን በሩ ይጠባል። ሁለት መነጽሮች በአንድ ቍጥር ቢከፈቱ፥ ለምሳሌ በ8፥ የ50 ሚሊሜትሩ በር ከ6 ሚሊሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ የ100 ሚሊሜትሩ ግን ከ12 ይበልጣል። በሩ የሰፋ ሾጣጣ ብርሃን ሲቈረጥ ክቡ ትልቅ ነው፤ ረዥሙ መነጽር ደግሞ ነገሩን ሁሉ ድብዛዜውን ጨምሮ ያጐላዋል። ስለዚህ ረዥሙ መነጽር ሁለት ጊዜ ይጎዳል ማለት ነው።

ነገሩ በቍጥር ቢታይ ይበልጥ ይገባል። ፊልሙ 24 በ36 ሚሊሜትር በሆነ ካሜራ፥ በሩን በ8 ቍጥር ከፍተን፥ 3 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው እናንሣ። መነጽሩ የ100 ሚሊሜትር ቢሆን ጥርት ብሎ የሚታየው ከ2 ሜትር ከ80 እስከ 3 ሜትር ከ22 ሳንቲሜትር ያለው ብቻ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ክንድ ያነሰ ነው። መነጽሩ የ50 ሚሊሜትር ቢሆን ከ2 ሜትር ከ34 እስከ 4 ሜትር ከ18 ይደርሳል። የ24 ሚሊሜትር ቢሆን ግን ከ1 ሜትር ከ34 ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው ሁሉ ይጠራል። ሰውየው ከቦታው አልተነቃነቀም፥ የበሩም ቍጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመነጽሩ ርዝመት ብቻ ነው።

ነገር ግን በዚህ ስፍራ ብዙዎች የሚስቱበት ነገር ስላለ ማስጠንቀቅ ይገባል። በ100 ሚሊሜትሩ መነጽር የሚያነሣው ሰው ወደ ኋላ ሸሽቶ ከ6 ሜትር ላይ ቢቆም፥ የሰውየው መልክ በሥዕሉ ላይ በ50 ሚሊሜትሩ ከተነሣው ጋራ እኩል ይሆናል፤ የጥራቱም ጥልቀት ወደ 1 ሜትር ከ73 ያድጋል፤ የ50 ሚሊሜትሩ 1 ሜትር ከ85 ያህል ስለ ነበረ ልዩነቱ ጥቂት ነው። እንግዲህ ረዥም መነጽር ጥልቀትን የሚያሳጣን ባለንበት ቆመን ነገሩን አጕልተን ለማየት ስንመኝ ነው። ሆኖም ረዥሙ መነጽር ከኋላ ያለውን ሩቅ ነገር ስለሚያጐላ፥ ድብዛዜው ሰፍቶ ለዓይን ይታያል። ስለዚህ ጥልቀቱ እኩል ሆኖ ሳለ ሥዕሎቹ እኩል አይመስሉም።

ሕጉ ይህ ነው፤ ሰዎች ግን ያወቁት በአንድ ቀን አይደለም። በበስራ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ኢብን አል ሃይሠም፥ በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ ፀሐይ በከፊል በጨለመች ጊዜ ብርሃኗን በቀጭን ቀዳዳ ወደ ጨለማ ቤት አስገብቶ ሲመለከት፥ የማጭድ ቅርጿ በግድግዳው ላይ ተሥሎ አገኘው። ቀዳዳው ሲሰፋ ግን ቅርጹ ይጠፋ ነበር። ጠባብ በር ጥራትን እንደሚሰጥ፥ ሰፊ በር ግን ብርሃንን ሰጥቶ ጥራትን እንደሚነሣ ከዚህ ታወቀ።

ከዚያ 5 መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ ለአኵይሌያ መንበር ፓትርያርክነት የተመረጠው የቬኒስ ሰው ዳንኤሌ ባርባሮ፥ በ1568 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፥ በጨለማው ቤት ቀዳዳ ላይ ሽማግሌዎች የሚያነቡበትን መነጽር ማድረግ እንደሚገባ ጻፈ። መነጽሩም ዳር ዳሩ ተሸፍኖ መካከሉ ብቻ ጥቂት ክፍት ቢሆን ሥዕሉ ይበልጥ እንደሚጠራ አስተማረ። ይህ ሰው ሥዕልን በኬሚካል ማስቀረት የማይታሰብ በነበረበት ዘመን፥ ዛሬ ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ በጣቱ የሚያዞረውን የብርሃን በር አስቀድሞ አገኘው ማለት ይቻላል።

ሥዕሉን በሰሌዳ ላይ ማስቀረት በተቻለ ጊዜ ግን የብርሃን እጦት ከባድ ሸክም ሆነ። ፈረንሳዊው ዳጌር ጥበቡ በ1839 በነሐሴ 19 ቀን በፓሪስ ለሕዝብ ሲገለጥ፥ ለካሜራው ሻርል ሸቫሊዬ የሚባል የመነጽር ሠራተኛ ያዘጋጀለት መነጽር 38 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። የብር ቅብ ያለው የመዳብ ሰሌዳ 16 ከግማሽ በ21 ከግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ስለ ነበረ፥ ሰሌዳውን ለመሙላት እንዲህ ያለ ረዥም መነጽር ያስፈልግ ነበር። ዳርና ዳሩም እንዳይበላሽ በሩን በጣም ማጥበብ ግድ ሆነ። ከዚህ የተነሣ አንድ ሥዕል ለማንሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር።

ዳጌር በ1838 ከመስኮቱ ሆኖ ያነሣው የፓሪስ መንገድ ሥዕል የዚህን ነገር ዋጋ ያሳያል። የቤቱ ጣራና የዛፉ ቅጠል ጥርት ብሎ ይታያል፤ መንገዱ ግን ባዶ ነው። ሰውና ሠረገላ ስላልነበረ አይደለም፤ የሚንቀሳቀስ ሁሉ በሰሌዳው ላይ ለመሣል ጊዜ ስላላገኘ ነው። ጫማውን ለማስጠረግ ቆሞ የቆየ አንድ ሰው ብቻ በጥግ ቀርቶ ይታያል። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ባለመንቀሳቀሱ ብቻ በታሪክ ውስጥ ገባ።

እንግዲህ የሰውን ፊት ለማንሣት የሚፈልግ ሁሉ ብርሃን የሚያስገባ መነጽር ይመኝ ነበር። ይህን የፈጸመው በቪየና የሒሳብ መምህር የነበረው ዮሴፍ ፔትስቫል ነው። ፔትስቫል በ1840 ዓመት መነጽሩን እየፋቀ በመሞከር ፈንታ በሒሳብ ለማግኘት ተነሣ፤ የመድፈኞች አዛዥ የነበረው አርሽዱክ ሉድቪግም መድፍ ሲተኵሱ ሒሳብ የለመዱ ወታደሮችን ለቍጠራው ሥራ ሰጠው። የተገኘው መነጽር ርዝመቱ 15 ሳንቲሜትር ያህል፥ የበሩም ቍጥር 3 ከ6 አሥረኛ ያህል ነበረ። ከሸቫሊዬው ይልቅ 15 እጥፍ የሚያህል ብርሃን ስለሚያስገባ፥ ሰው በወንበር ላይ ደቂቃዎች መድረቁ ቀርቶ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መነሣት ቻለ።

ነገር ግን ሕጉ ዋጋውን አልተወም። በሩ በሰፋ ጊዜ ጥልቀቱ ጠበበ፤ ዓይን ሲጠራ ጆሮ ደበዘዘ። ዳጌር ጥልቀቱን አግኝቶ ሰውን አጥቶ ነበር፤ ፔትስቫል ሰውን አግኝቶ ጥልቀቱን አጣ ማለት ነው። ለራሱም ለፔትስቫል ሥራው ብዙ አልጠቀመውም። መነጽሩን ሠርቶ የሸጠው የፎክትሌንደር ቤት አንድ ጊዜ 2000 ጉልደን ከፍሎት ትርፉን ለራሱ አደረገ፤ ሁለቱም ተጣሉ። በ1859 ደግሞ ወደ ቤቱ ሰዎች ሰብረው ገብተው የደከመባቸውን ጽሑፎች አጠፉበት፤ እርሱም ከሰው ርቆ ኖሮ በ1891 ሞተ። መነጽሩ ግን የዓለሙን ሰው ፊት ሲሥል ኖረ።

አሁን ወደ ዋይት ደሴት እንመለስ። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1815 በካልካታ የተወለደች እንግሊዛዊት ነች፤ በ1863 መጨረሻ፥ በ48 ዓመቷ፥ ልጇና የልጇ ባል አንድ ካሜራ ሰጧት። የዶሮ ቤት የነበረውን በመስተዋት የሚሠራ ቤት አድርጋ፥ የከሰል ማኖሪያውን ጨለማ ክፍል አድርጋ ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያው መነጽሯ 30 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት የነበረው፥ የፔትስቫልን አሠራር የተከተለ የፈረንሳይ መነጽር ነበረ። በ1866 ደግሞ 76 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው የዳልሜየር መነጽር፥ 38 በ30 ሳንቲሜትር ከሚያህል የብርጭቆ ሰሌዳ ጋራ ያዘች።

አንባቢ ከላይ የተነገረውን ሕግ ያስታውስ። የሰውን ራስ ብቻ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ለመሣል 76 ሳንቲሜትር መነጽር ይዞ ቀርቦ የቆመ ሰው፥ በሩን በ8 ቍጥር ቢከፍት፥ የበሩ ስፋት ከ9 ሳንቲሜትር ይበልጣል፤ ጥርት ብሎ የሚታየውም ከጥቂት ጣት ስፋት አያልፍም። ዓይኑን አጠራለሁ ያለ ጆሮውን መተው አለበት። በዚያ ላይ የሰሌዳው ኬሚካል ደካማ፥ የቤቱም ብርሃን ጥቂት ስለ ነበረ፥ የሚነሣው ሰው ከ3 እስከ 7 ደቂቃ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። በሩን ጠበብ አድርጋ ጥልቀቱን ላስፋው ብትል፥ ደቂቃው ተባዝቶ ሰውየው መታገሥ አይችልም ነበር።

የጊዜው የፎቶግራፍ ጋዜጦች፥ ይህች ሴት መነጽር ማስተካከል አታውቅም ብለው ነቀፏት። እርሷ ግን በኋላ ስለ ሥራዋ ስትጽፍ፥ መነጽሩን እያዞረች ሳለ ለዓይኗ ያማረ ነገር ካገኘች በዚያው ታቆም እንደ ነበረ፥ ሌሎች እንደሚያደርጉት እስከ መጨረሻው ለማጥራት እንደማትሻ ተናግራለች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድብዛዜውን ግድ ያደረገባት የመነጽሩ ሕግ ነው፥ በየት በኩል እንደሚውል የመረጠችው ግን እርሷ ናት። ቴኒሰን የተባለውን ባለቅኔ፥ ዳርዊን የተባለውን የተፈጥሮ ሊቅ፥ በ1839 ፎቶግራፍ የሚለውን ቃል ለእንግሊዞች ያስለመደውን ኸርሸልን ያነሣችው በዚህ ዓይነት ነው።

በ1868 በሐምሌ ወር ልዑል ዓለማየሁ በፊቷ ተቀመጠ። ሦስት ወር ብቻ አስቀድሞ፥ በሚያዝያ 13 ቀን፥ ይኸውም በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860፥ አባቱ ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠውተው ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩ ወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወደ ባሕር ሲወርዱ በግንቦት ወር በመንገድ ዐረፉ። ልጁ ባሕር ተሻግሮ ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ፤ ጠባቂው ሆኖ የመጣው ካፒቴን ስፒዲ፥ በኢትዮጵያ ባሻ ፈለቀ ይባል የነበረው፥ በዋይት ደሴት ይኖር ስለ ነበረ ወደ ካሜሮን ወሰደው። ሥዕሉ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ በሚል ስም ይታወቃል።

ልጁ በዚያ ሥዕል ላይ አይሥቅም። ፊቱ ወደ እኛ ቀርቦአል፤ ከኋላው ግን አገሩን የሚያሳውቅ፥ ወገኑን የሚያስታውስ ምንም ነገር አይታይም። በዚያን ዘመን የነበሯት ሁለቱ መነጽሮች ረዣዥሞች ስለ ነበሩ፥ ከኋላው ተራራ ቢቆም እንኳ ተራራውን ጭጋግ ባደረጉት ነበር። መነጽሩ ስለ መቅደላ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሠራው እንደ ሕጉ ነው። ነገር ግን ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ያን ሥዕል ሲያይ፥ ልጁ ከአባቱ፥ ከእናቱና ከአገሩ ተለይቶ ብቻውን መቅረቱ በሥዕሉም እንደ ተጻፈ አድርጎ ያነበዋል። ካሜሮን በ1879 በጥር ወር በሴሎን ሞተች፤ ዓለማየሁም በዚያው ዓመት በኅዳር 14 ቀን፥ 18 ዓመት ሆኖት፥ በሊድስ ከተማ ዐረፈ። አጽሙም በዊንድዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት አጠገብ ይገኛል።

ከካሜሮን በኋላ የመጡት ሰዎች ሁለት ወገን ሆኑ። በ1889 የእንግሊዝ ሐኪም ፒተር ሄንሪ ኤመርሰን መጽሐፍ ጽፎ፥ የሰው ዓይን የሚያየውን መካከሉን ብቻ አጥርቶ ዳር ዳሩን እንደሚያደበዝዝ፥ ስለዚህ ፎቶግራፍም እንዲሁ ቢሆን እውነት እንደሚሆን ተከራከረ። በአሜሪካ ግን በ1932 በኅዳር 15 ቀን፥ አንሰል አዳምስ፥ ኤድዋርድ ዌስተን፥ ኢሞጀን ከኒንግሃምና ጓደኞቻቸው በሳን ፍራንሲስኮ ሥዕላቸውን ለሕዝብ ሲያሳዩ፥ ማኅበራቸውን በ64 ቍጥር በር ሰየሙት። ይህ በካሜራቸው ከነበሩት ጠባብ በሮች አንዱ ነው። ከእግራቸው ሥር ካለው ድንጋይ እስከ ሩቁ ተራራ ድረስ ሁሉ እንዲጠራ ይፈልጉ ነበር።

እነዚህም ቢሆኑ ዋጋውን ከፍለዋል። ሰሌዳቸው 20 በ25 ሳንቲሜትር የሚያህል ስለ ነበረ መነጽራቸው 30 ሳንቲሜትር ያህል ይረዝም ነበር፤ እንዲህ ያለውን መነጽር በ64 ቍጥር ሲከፍቱት በሩ 5 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በ8 ቍጥር 1 ሰከንድ የሚበቃው ነገር በ64 ቍጥር 64 ሰከንድ ይፈልጋል። ለድንጋይና ለዛፍ ይህ አያስቸግርም፤ ለሕፃን ግን አይሆንም። በሩንም ከዚህ ይልቅ እያጠበቡ መሄድ አይጠቅምም፤ ብርሃን በጣም በጠበበ በር ሲያልፍ ዳርና ዳሩ ይበተንና ሁሉን በአንድነት ማደብዘዝ ይጀምራልና።

ሌላው መንገድ መነጽሩን ማሳጠር ነው። ኦስካር ባርናክ የተባለ የጀርመን ሠራተኛ ለሲኒማ የተሠራውን ጠባብ ፊልም የሚጐርስ ትንሽ ካሜራ ሠርቶ፥ በ1925 ላይካ በሚል ስም በላይፕሲክ ገበያ ታየ። ሥዕሉ 24 በ36 ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ 50 ሚሊሜትር መነጽር በቃው። መነጽሩ ከዳጌር መነጽር 7 እጥፍ ያህል አጠረ፤ በአንድ ቍጥርም ቢከፈቱ የትንሹ ካሜራ የጥራት ጥልቀት እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ በመንገድ የሚሄድን ሰው፥ በገበያ የሚሮጥን ልጅ ከነአካባቢው ማንሣት ተቻለ።

የዚህ ጥበብ ከፍ ያለ ምሳሌ በ1941 በግንቦት 1 ቀን የታየው ሲቲዝን ኬን የተባለው የኦርሰን ዌልስ ፊልም ነው። ፊልሙን ያነሣው ግሬግ ቶላንድ 24 ሚሊሜትር የሚያህል አጭር መነጽር ይዞ፥ በኃይለኛ መብራት ቤቱን አብርቶ፥ የመነጽሩን በር ከ8 እስከ 16 ቍጥር ድረስ አጠበበ። አንዳንዱን ክፍል በአንድ ፊልም ላይ ሁለት ጊዜ በማንሣት እንደ ሠራው የታወቀ ነው፤ ብዙው ግን የመነጽሩና የመብራቱ ሥራ ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ እናት በጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ልጇን ለባዕድ አሳዳጊ የምትሰጥበትን ወረቀት ስትፈርም በቅርብ ትታያለች፤ ልጁ ደግሞ ከኋላዋ በመስኮቱ ውስጥ፥ በሩቅ፥ ምንም ሳያውቅ በበረዶ ሲጫወት ይታያል። እናቲቱም ወረቀቱም ልጁም አብረው ጥርት ብለዋል።

ሁለቱን ልጆች አስተያዩ። ከወላጁ የተለየው የፊልሙ ልጅ ከምን እንደ ተለየ፥ ማን እንደ ሰጠው፥ በምን ወረቀት እንደ ተሰጠ በአንድ እይታ ተገልጦልናል፤ ይህ የአጭር መነጽርና የብዙ ብርሃን ስጦታ ነው። የዓለማየሁ ሥዕል ግን ፊቱን ብቻ ሰጥቶናል፤ የቀረውን ከታሪክ ፈልገን ማምጣት የእኛ ፋንታ ነው። አንደኛው ሥዕል ሁሉን ስላሳየ እውነተኛ፥ ሁለተኛው ስለ ሸሸገ ሐሰተኛ አይባልም። አንደኛው ይነግረናል፥ ሁለተኛው ይጠይቀናል።

ዛሬ በየሰው ኪስ ያለው ስልክ መነጽሩ ከ4 እስከ 7 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚረዝም፥ ያለ ምንም ድካም ቅርቡንም ሩቁንም አንድነት ያጠራል። ዳጌርና የ64 ቍጥር ማኅበርተኞች የደከሙበትን ነገር ሕፃን ልጅ በጣቱ ያደርገዋል። ነገሩ የሚያስደንቀው ግን ይህ አይደለም፤ ሰዎች ጥልቀቱን በነጻ ካገኙት በኋላ ድብዛዜውን መናፈቃቸው ነው። በ2016 አፕል የተባለው ድርጅት ባለ ሁለት መነጽር ስልክ አውጥቶ፥ ሰውየውን ከኋላው ካለው ነገር በሒሳብ ለይቶ የኋላውን በሐሰት ማደብዘዝ ጀመረ፤ ሌሎችም ይህን ያደርጋሉ። ካሜሮን የተነቀፈችበትን ነገር ዛሬ የቍጥር መሣሪያ ለብዙ ሚሊዮን ሰው ይሠራዋል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ግድግዳ ላይ ወይም በሣጥንህ ውስጥ የአያትህ ፊት የጠራበት፥ የኋላው ግን የደበዘዘበት አሮጌ ሥዕል ቢኖር አንሺውን አትንቀፍ። ረዥም መነጽርና ጥቂት ብርሃን ይዞ፥ ከሁሉ ይልቅ ፊቱ እንዲቀርልህ የመረጠ ሰው ነው። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ቤት ነበረ፥ ሰው ነበረ፥ አገርም ነበረ። መነጽሩ ሊያተርፈው ያልቻለውን ያን ነገር፥ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቀህ በጽሑፍ አኑረው።